የ17 ዓመት ኑሮ በአንድ አልበም፦ ደብረ ብርሃን ያሠራሁት የቤተሰብ ፎቶ መጽሐፍ

በ2017 ዓ.ም. ክረምት፣ ደብረ ብርሃን መሀል ከተማ በሚገኝ አንድ ፎቶ ቤት፣ አሜሪካ የሚኖረውን የእህቴን ቤተሰብ የ17 ዓመት የዕለት ተዕለት ኑሮ የሚያሳይ ባለ 120 ገጽ አልበም ለእናቴ አሠርቻለሁ። ቀብድ ከከፈልኩበት ቀን አንስቶ አልበሙ እጄ እስኪገባ ድረስ ሁለት ወር ከሁለት ሳምንት ፈጅቷል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሥራቸውን አይቼ የተደነቅኩበትም፣ ተናድጄ ከሱቁ የወጣሁበትም ቀን አለ። ቅሬታዬ ቀላል ስላልሆነ የፎቶ ቤቱን ስም አልጠራም። ባለቤቱ ይህን ቢያነቡ ራሳቸውን ያውቃሉ፤ እዚህ የምጽፈውንም ሁሉ አስቀድሜ ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። የምጽፈው ከውጭ ዘመድ የመጣ የፎቶ ክምር ይዞ ወደ ማንኛውም ፎቶ ቤት የሚሄድ ሰው ምን መጠየቅ፣ ምንስ መከልከል እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።

በመጀመሪያ ፎቶዎቹ ከየት እንደመጡ ልናገር። እህቴና ባለቤቷ በ1999 ዓ.ም. የሞሉት ዲቪ ደርሷቸው፣ የሦስት ዓመት ሴት ልጃቸውን ይዘው በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ወጡ። ለዲቪው ጉርድ ፎቶ ያነሳቸው ይኸው ፎቶ ቤት ነበር፤ ወደዚያ የሄድኩትም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። የሚኖሩት ሜሪላንድ ውስጥ፣ የአገራችን ሰው በብዛት ከሰፈረባቸው ቦታዎች አንዷ በሆነችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የእህቴ ባል ዋሽንግተን ባለ የፓርኪንግ ሕንፃ የሌሊት ሥራ ያዘ፤ እህቴ ደግሞ አረጋውያንን በሚንከባከብ ተቋም ተቀጠረች። ወንዱ ልጅ በ2003 ዓ.ም. እዚያው ተወለደ።

ለእናቴ ይልኩላት የነበረው ፎቶ ከውጭ የሚላክ ፎቶ ሁሉ የሚመስለውን ይመስል ነበር፤ የአሜሪካ ምክር ቤት በሆነው ካፒቶል ፊት ለፊት ቆመው፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ መኪና ተደግፈው፣ ለፋሲካ ነጭ ለብሰው። እናቴ እነዚህን በፍሬም አስገብታ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ደርድራቸዋለች። በስልክ የምትጠይቀው ግን ዘወትር ያንኑ ነበር፦ «የት ነው የምትተኙት? ምንድን ነው የምትበሉት?» ግድግዳው ላይ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን አንድም ፎቶ አልነበረም።

መልሱ የነበረው የእህቴ ባል ዘንድ ነው። ከመሄዱ በፊት አዲስ አበባ በገዛት ባለ 7 ሜጋፒክስል ትንሽ ካሜራ፣ ካሜራዋ ካረጀች በኋላም በስልኩ፣ እሑድ እሑድ ቤቱን እንዳለ ያነሳ ነበር። ማንንም ተስተካከሉ፣ ፈገግ በሉ አይልም። ልጅቷ የቤት ሥራዋን ስትሠራ፣ እህቴ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ማጠቢያው ሰሃን ሞልቶ፣ የእንጀራ ምጣዱ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ፣ ሁሉም እንደነበረ ተነስቷል። እሱ ራሱ የፓርኪንግ ጃኬቱን እንደለበሰ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ጥሎት የሚታይበትም አለ፤ እሱን ያነሳችው ልጁ ናት። እንዲህ እንዲህ እያለ ከ11,000 በላይ ፎቶ ተጠራቀመ። ለማንም ልኮት አያውቅም። ለምን እንዳልላከው ብጠይቀው «ምኑ ይታያል ብዬ ነዋ» አለኝ።

አልፈርድበትም። ከምኒልክ ቤተ መንግሥት አርመናዊ ፎቶ አንሺ ከቤድሮስ ቦያጂያን ዘመን ጀምሮ እኛ ዘንድ ፎቶ መነሳት ለብሶና ተዘጋጅቶ የሚቀርቡበት ጉዳይ ነው። በየአውራጃው የተከፈቱት ፎቶ ቤቶችም ይህንኑ ወርሰው፣ ግድግዳ ላይ የተሳለ ፏፏቴና የፕላስቲክ አበባ እያቀረቡ ሲያስተናግዱን ኖሩ። ያልታጠበ ሰሃን የሚታይበት ፎቶ በእኛ ዓይን የተበላሸ ፎቶ ነው። የዚህ ግምገማ ዋና ጉዳይ እዚህ ላይ ነው፤ ለሰርግ የተቋቋመ ፎቶ ቤት እንዲህ ያለውን ፎቶ ሲቀበል ምን ያደርገዋል?

መጀመሪያ የሄድኩት እህቴ በቴሌግራም የላከችልኝን 40 ያህል ፎቶ ስልኬ ላይ ይዤ ነበር። ባለቤቱ አንዱን ኮምፒዩተር ላይ ከፍተው አጎሉትና «መምህር፣ ይኼ ለስልክ ነው እንጂ ለወረቀት አይሆንም» አሉኝ። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል ረጅሙ ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል፤ ይህ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 11 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። እኔ የፈለግኩት አልበም ደግሞ ገጹ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ነበር። ከካሜራው የወጣው ዋናው ምስል ግን 3072 በ2304 ፒክስል ስለሆነ የገጹን ወርድ ሙሉ ቢይዝም ወደ 260 ዲፒአይ ይደርሳል፤ ዓይን ልዩነቱን አይለየውም። በቴሌግራምም ቢሆን «ፋይል» ተብሎ ከተላከ ሳይጨመቅ ይደርሳል። ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ስለነበር እኛ በፍላሽ አስመጣነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ገንዘቤን ተቀብለው ያንኑ የደበዘዘ ነገር አትመው ይሰጡኝ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ይህን ምክር ያገኘሁት አንድ ብር ሳልከፍል ነው።

ፎቶዎቹን የመረጥነው እኔና ያኔ 20 ዓመት የሞላት የእህቴ ልጅ ነን። ለአንድ ወር ያህል ማታ ማታ በስልክ እየተነጋገርን 236 ፎቶ ለየን። ባለቤቱ ዝርዝሩን ሲያዩ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ይኼና ይኼ አንድ ናቸው፤ ይኼም እንደዚያው ነው» እያሉ ወደ 60 የሚሆን ሊቀንሱ ፈለጉ፤ አንድ የወጥ ቤት ጥግ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር እየደጋገመ ስለሚመጣ ነው። በሰርግ አልበም ቢሆን ልክ ናቸው፤ ሙሽሪት መኪና ውስጥ ስትገባ አንድ ጊዜ ከታየች ይበቃል። እዚህ ግን ጊዜን የሚያሳየው ድግግሞሹ ራሱ ነው። ጥጉና ጠረጴዛው ባሉበት ሲቆዩ፣ የተለወጠው የልጁ ቁመትና የእናቱ ፀጉር ወለል ብሎ ይታያል። ይህን ለማስረዳት ልጁ ፍሪጁ አጠገብ የቆመባቸውን ዘጠኝ ፎቶዎች ብቻ አውጥቼ በተርታ አሳየኋቸው፤ በመጀመሪያው ላይ እጁ የታችኛውን በር እንኳ አያልፍም፣ በመጨረሻው ላይ ከፍሪጁ በላይ ያለውን የበርበሬ ጣሳ ያወርዳል። ዝም ብለው አዩና ወንበራቸውን ሳቡ። ዘጠኙንም በሁለት ትይዩ ገጾች ላይ፣ የፍሪጁ እጀታ በሁሉም ላይ በአንድ መስመር እንዲውል አድርገው የደረደሯቸው ራሳቸው ናቸው። እኔ አላልኳቸውም። ከመላው አልበም የሚበልጠው ይህ ገጽ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሠራ እጅ ሲገባው ምን እንደሚያደርግም ያሳያል።

ቀጥሎ የመጣው የቀን ጣጣ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ የሚኖር ሰው ይህን ችግር አያውቀውም። እያንዳንዱ ፎቶ ፋይሉ ውስጥ የተነሳበትን ቀን ይዞ ይመጣል፤ ቀኑ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እናቴ ደግሞ የምታነበው በእኛው ስለሆነ ከየፎቶው ሥር ወሩና ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲጻፍ አዝዤ ነበር። ይህን የሠራችው ወጣቷ ኤዲተር ከሁሉም ዓመት ላይ ስምንት ቀነሰች። ከጥር እስከ ጳጉሜን ባለው ይህ ልክ ነው፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ 23 አካባቢ፣ የሚቀነሰው ሰባት ነው። በዚህም ምክንያት በኅዳር 2001 ዓ.ም. የተነሳው፣ ገና ዕቃ ያልገባለት አፓርታማ ውስጥ ወለል ላይ ተቀምጠው ሲበሉ የሚያሳየው ፎቶ «ኅዳር 2000» ተብሎ መጣ፤ ያኔ እነሱ እዚሁ ደብረ ብርሃን ነበሩ። የዓመቱ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ቅደም ተከተሉም ተዘበራረቀ፤ የየዓመቱ መጸው ፎቶዎች ወደ ኋላ ሸሽተው ከአንድ ዓመት በፊት ከነበሩት ጋር ተደባለቁ። ከ236ቱ 71ዱን አንድ በአንድ አርመን መለስን።

በአሜሪካ የመጀመሪያው የብርድ ወቅት ፎቶዎች ሌላም ችግር ነበረባቸው። የእህቴ ባል የካሜራውን ሰዓት ከደብረ ብርሃን እንዳለ ትቶት ስለነበር፣ በዚያ የብርድ ወቅት ስምንት ሰዓት ይቀድማል፤ የእሑድ ምሽት እራት ሰኞ ንጋት ላይ የተበላ ይመስላል። ይህ ለአልበሙ ብዙም አይጎዳም፣ ወሩ እስካልተሻገረ ድረስ። አንድ ጊዜ ደግሞ የካሜራዋ ባትሪ አልቆ ቀኗ ስለጠፋ፣ ወደ 30 የሚሆኑ ፎቶዎች ምንም የሚታመን ቀን አልነበራቸውም። ከእነዚህ መካከል መኪናው እስከ መስኮቱ በበረዶ ተቀብሮ፣ የእህቴ ባል በሰሃን መሳይ ነገር ሲዝቅ የሚያሳየው አለ። ዋሽንግተን አካባቢ እንዲህ ያለ በረዶ የጣለው ጥር 28 እና 29 ቀን 2002 ዓ.ም. ስለሆነ እሱን ችካል አድርገን፣ ከእሱ በፊትና በኋላ ያሉትን በልጅቷ ጥርስ ለየን፤ የፊት ጥርሷ ከወለቀ በኋላ ነው፣ ሳይበቅል በፊት ነው እያልን። በዚህ ሥራ ላይ ኤዲተሯ ያሳየችው ትዕግሥት የመጀመሪያውን ስሕተቷን አስረስቶኛል።

ከአሮጌ ፎቶዎች ጋር የሠሩትን በአጭሩ ላንሳ፤ ምክንያቱም እንከን የለበትም። አልበሙ የሚጀምረው ከመሄዳቸው በፊት በነበሩ አምስት ፎቶዎች ነው። አንዱ በ1974 ዓ.ም. የተነሳ፣ አባቴ ከሚሠራበት የብርድ ልብስ ፋብሪካ ግቢ ፊት ለፊት እህቴን አቅፎ የቆመበት የቀለም ፎቶ ሲሆን፣ ሁለመናው ወደ ቀይነት ሄዷል። በዚያ ዘመን ወረቀት ላይ ከሦስቱ ቀለሞች መካከል አረንጓዴ አዘል ሰማያዊው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦም ይሞታል፤ ቀዩ ይቀራል። ከዚህ የከፋው ግን እነዚያ ፎቶዎች የተቀመጡት ገጹ ማጣበቂያ በተቀባና በላስቲክ በሚሸፈን አልበም ውስጥ መሆኑ ነው። እኔ በጥፍሬ ልልጠው ስል ባለቤቱ ያዙኝ። ቀጭን ክር ከፎቶው ጀርባ አስገብተው፣ ጤፍ እንደሚነፋ ሰው ቀስ እያሉ፣ ወዲያና ወዲህ እየሳቡ ለቀቁት፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ቤታችሁ ያ ዓይነት አልበም ካለ ዛሬውኑ አስወጡት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። የመጀመሪያውን የናሙና ገጾች ለማየት ስሄድ አንድ ፎቶ ጠፋብኝ። እህቴ ከሌሊት ሥራ ገብታ፣ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እግሮቿን በሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ነክራ፣ ከኋላዋ ሁለት ወንበር ሙሉ ያልታጠፈ ልብስ ተከምሮ የሚያሳይ ፎቶ ነበር። የተነሳው በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ በኮሮናው የመጀመሪያ ወራት ሲሆን፣ አፍንጫዋ ላይ ማስኩ የተወው ምልክት ይታያል። ናሙናው ላይ ያገኘሁት ግን ሌላ ሴት ነው። ልብሱ የለም፤ ከኋላዋ ንጹህ ነጭ ግድግዳ ነው። ሳፋው የለም፤ እግሮቿ ከቁርጭምጭሚት በታች ተቆርጠዋል። ፊቷ ቀልቷል፣ ለስልሷል፣ የማስኩ ምልክት ጠፍቷል።

«እህቴን የት አደረሳችኋት?» አልኩ። ኤዲተሯ ቅር ብሏት «ልብሱን አነሳሁት፣ ፊቷንም አጸዳሁት እኮ፤ ለእናት የሚሄድ ነው ብለው የለ?» አለችኝ። በክፋት አልነበረም፤ ሁለት ሰዓት የፈጀባት፣ በሙያው ሲታይም ንጹህ ሥራ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ከእሷ ጎን ቆመው «መምህር፣ በኖርኩበት ዘመን ልብስ ክምሩን አሳይልኝ ብሎ የከፈለኝ ሰው የለም» አሉኝ። ገጹን ሳገላብጥ ጉዳዩ የአንድ ፎቶ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ። ወደ 50 በሚጠጉ ፎቶዎች ላይ ሁሉም ፊት ነጣ ብሏል፤ የእህቴ ባል ጃኬት ላይ ያለው የመሥሪያ ቤት ምልክት ተደምስሷል፤ ጣሪያው ላይ የነበረው የውኃ እድፍ ተለቅልቋል። እኔ ሳላዝዝ፣ ሳልጠየቅም የተደረገ ነው። የዚያን ቀን ደህና ዋሉ ሳልል ወጣሁ።

ለምን እንደተናደድኩ ለማስረዳት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ግድግዳችን ላይ የተሰቀሉት እነዚያ የካፒቶልና የመኪና ፎቶዎች የተነሱት እናቴ እንዳታዝን ነበር፤ 17 ዓመት ሙሉ እያየቻቸው ግን ጥያቄዋ አልቆመም። ኤዲተሯ ያደረገችው የእህቴን ባል ፎቶ ወስዳ ግድግዳው ላይ ካሉት ጋር እኩል ማድረግ ነው። ይህን ስነግራቸው ባለቤቱ አልተከራከሩም፤ ዋናዎቹን ፋይሎች ስላልነኩ ሁሉንም ወደነበረበት መለሱ። አራት ትይዩ ገጾች ግን ቀድመው ለኅትመት ተልከው ስለነበር የሦስቱን ዳግም ኅትመት እነሱ፣ የአንዱን እኔ ከፈልን። የአንዱን የከፈልኩት «አስተካክሉ» የሚለውን ቃል በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ ራሴ ስለጻፍኩ ነው። እኔ ቀለሙን ማለቴ ነበር፤ በፎቶ ቤት ቋንቋ ግን «ማስተካከል» ፊትንም ይጨምራል። ስለዚህ ስታዝዙ «ቀለምና ብርሃን ብቻ፤ ፊትና ዕቃ አይነካ» ብላችሁ በጽሑፍ ስጡ።

ቀለሙስ ቢሆን በአንድ ጊዜ አልተሳካም። የአፓርታማው አምፖል ብርሃን ሁሉንም ነገር ቢጫ ያደርገዋል፤ ማሽኑ በራሱ ሲያርመው ደግሞ እያንዳንዱን ፎቶ ለብቻው ስለሚያይ፣ አንዱ ግድግዳ በአንዱ ገጽ ሰማያዊ፣ በሌላው ሐምራዊ፣ በሦስተኛው ክሬም ሆኖ ወጣ። ቤተሰቡ በየሳምንቱ ቤት የሚቀይር ይመስላል። መፍትሔው እንደገና ፍሪጁ ሆነ፤ 17 ዓመት ያልተለወጠ ነጭ እሱ ብቻ ስለነበር፣ ፍሪጁ በሚታይባቸው ፎቶዎች ሁሉ በሩ ነጭ እስኪሆን አርመው፣ የቀሩትን ከእነዚያ ጋር አመሳሰሉ።

ወረቀቱን በተመለከተ ግሎሲ እንዲሆን ነበር ሐሳባቸው፤ በሚያብረቀርቀው ላይ ቀለም ደምቆ ስለሚታይ ሰርገኛ ሁሉ የሚመርጠው እሱን ነው። እኔ እሱንና የማያብረቀርቀውን ማት በአንድ ፎቶ ላይ አሳትመው እንዲያሳዩኝ ጠየቅኩ። የመረጥኩት ፎቶ ልጁ ሶፋ ላይ ባና (የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ) ተጠቅልሎ ቴሌቪዥን የሚያይበትን ነው። እናቴ የመንዝ ሰው ናት፤ ባናውን ከመሐል ሜዳ ገበያ አስመጥታ በመንገደኛ የላከችላቸው እሷ ስትሆን፣ የተሠራው ጥቁሩና ቡናማው የበግ ጠጉር ተደባልቆ ነው። በግሎሲው ላይ ባናው አንድ ጥቁር ጉብታ ሆነ፤ መብራት ሲያርፍበትም ያንጸባርቃል። በማቱ ላይ ግን ድርና ማጉ፣ ከጫፉም ተተርትሮ እህቴ በነጭ ክር የጠቀመችው ቦታ ሳይቀር ይታያል። ማቱን ወሰድኩ፤ የዋጋ ልዩነት አልነበረውም።

ጥራዙ ጥሩ ነው። ገጾቹ ወፈር ያሉ ስለሆኑ አልበሙ ሲገለጥ ጠፍጣፋ ይተኛል፤ ፎቶ ከገጽ ወደ ገጽ ሲሻገርም መሐሉ አይዋጥም። ይህም ሆኖ በአንድ ቦታ የልጅቷ ፊት በትክክል እጥፋቱ ላይ አርፏል፤ ናሙናውን ሳይ እኔም አላስተዋልኩትም። ሽፋኑ ላይ የወርቅ ቀለም አበባ ሊያደርጉ ነበር፤ አስቀርቼ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ አጻፍኩ።

መዘግየቱ ግን ከነገሩኝ በላይ ነው። በአራት ሳምንት ተብዬ አሥር ሳምንት ቆየሁ። ግማሹ የእርማት ጊዜ ስለሆነ ራሴንም እወቅሳለሁ፤ መብራት በተከታታይ የጠፋባቸው ቀናትም ነበሩ። ሆኖም አልበሙ የሚታተመውና የሚጠረዘው እዚያው ሳይሆን 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ መሆኑን ያወቅኩት በስድስተኛው ሳምንት ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ብዙ ፎቶ ቤት እንደዚያ ያሠራል። ግን አስቀድሞ መነገር ነበረበት፤ እያንዳንዷ እርማት የደርሶ መልስ ጉዞ እንደምትጠይቅ ባውቅ ኖሮ ናሙናውን በሦስት ዙር ሳይሆን በአንዱ ጨርሼ እመልስ ነበር።

ዋጋው ያኔ 16,500 ብር ሲሆን ግማሹ ቀብድ ነበር። የአሮጌዎቹ ፎቶዎች ስካንና እድሳት በዚሁ ውስጥ ተካቷል። ለሥራው ብዛት ውድ አልለውም፤ ለአንድ አስተማሪ ግን ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ አብዛኛውን የሸፈነችውም እህቴ ናት። ገንዘብ ለሚያጥረው ሰው ተራ 10 በ15 አሳጥቦ፣ ከጀርባው ቀኑን በእርሳስ ጽፎ፣ በጫማ ካርቶን ማስቀመጥም ሥራውን ይሠራል። ፎቶዎቹን ለማስታወቂያ በቴሌግራም ቻናላቸው ላይ ሊለጥፉ ጠይቀውኝ እምቢ ስል አልከፉም፤ ሥራው ሲያልቅም ፋይሎቹን እኔ ፊት ከኮምፒዩተራቸው አጠፉ።

እናቴ አልበሙን የተቀበለችው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። መነጽሯን አድርጋ፣ ነጠላዋን ጭኗ ላይ አንጥፋ፣ እንደ ዳዊት ከፊት ወደ ኋላ ገለጠችው። በበረዶው ፎቶ ላይ ብዙ ቆየች። የመንዝን ውርጭ የሚያውቅ ሰው በበረዶ አይደነቅም፤ «ይኼን ቀን በጎቹን የት ያሳድሯቸዋል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ በግ እንደሌላቸው ስነግራት አዘነችላቸው። ባናውን ባየች ጊዜ ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠግታ የነጩን ክር ጥቅማት በጣቷ ዳበሰችና «በጥቁር ክር አይጠቀምም ነበር?» አለች። የእህቴና የሳፋው ገጽ ላይ ስትደርስ ልቤ ፈራ። አየችው፣ አየችው። ከዚያም «ጨው ጨምራበት ይሆን?» አለች፤ እሷም ከገበያ ስትመለስ እግሯን የምትነክረው ጨው ባለበት ለብ ያለ ውኃ ነው። የዚያኑ ማታ ደውላ ጠየቀቻት። ጨምራበታለች።

የልብሱን ክምር በተመለከተ ያለችው ነገር የለም፤ እንዳየችው ግን አውቃለሁ፤ በማግስቱ ጠዋት «ሁለቱም የሌሊት ሥራ ከያዙ ልብሱን የሚያጥፈው ማን ነው?» ብላኛለች።

ለእህቴ ሁለተኛ ቅጂ አዝዣለሁ። እሱም ማት ነው፤ የልጅቷ ፊት ከእጥፋቱ ወጥቶ ወደ ግራ እንዲመጣ ተስማምተናል። እናቴ ደግሞ በእህቴ ቅጂ መጨረሻ ላይ አራት ገጽ ባዶ እንዲተው ጠይቃለች፤ የደብረ ብርሃኑ ቤት ወጥ ቤት፣ ምጣዷና ጓሮዋ ያለው ጎመን ተነስቶ እንዲለጠፍበት፤ እነሱም የት እንደምትተኛና ምን እንደምትበላ ይዩ ብላ ነው። ባለቤቱ ባዶውን ገጽ በታተመው ገጽ ዋጋ አስልተውብኛል። ምንም ቀለም ያልነካው ወረቀት እንዴት እኩል ያወጣል ብዬ ተከራከርኩ፤ «ጥራዙ እኮ አንድ ነው፣ መምህር» አሉኝ። አሁንም አልተዋጠልኝም፤ ቀብዱን ግን ከፍያለሁ።